የባትሪ ባለዕዳዎች

ድሪል መግዛት እንዲህ ልብ የሚያደርቅ ነገር መሆን አልነበረበትም። የምንፈልገው ትንሽ ነው፦ እንጨት የሚበሳ፣ ብሎን የሚያስር፣ ኮምፔንሳቶ የሚቆርጥ፣ መብራት ሲጠፋ ሥራ የማያስፈታ መሣሪያ። በሙያው የሚያድረው አናጺም፣ ቅዳሜ ከሰዓት መደርደሪያ ልስቀል፣ የመጋረጃ ዘንግ ልትከል የሚለው ደመወዝተኛም ከዚህ ያለፈ ነገር አይጠይቅም። ሱቅ ገብተን፣ ብራችንን ቆጥረን ስንወጣ ግን አብሮን የሚወጣ ዕዳ አለ። ዕዳው ባትሪው ነው። ዛሬ የመረጥነው ባትሪ ነገ የምንገዛውን መጋዝ ይወስናል፤ ከነገ ወዲያ የምንገዛውን ማለስለሻ ይወስናል፤ እሱ ሲሞት ደህናው ድሪል አብሮት ይጣላል። ይህን ገንዘባችንን ከመክፈላችን በፊት የሚነግረን ሰው የለም።

ይህን የምለው መሣሪያውን ለማንቋሸሽ አይደለም። በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ ለእኛ ኑሮ የሚስማማውን ያህል ለማን ይስማማል? ኮንዶሚኒየም ተረክቦ ሶኬቱ ገና ባልተገጠመ ቤት ውስጥ በር የሚያቆም፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሞራሌ የሚያስር፣ ከጎረቤት መብራት ለምኖ ማካፈያ በማካፈያ እየቀጠለ ደረጃ ለደረጃ ገመድ የሚጎትት ሰው ጥቅሙን ያውቀዋል። ባለ ገመዱ መሣሪያ ጉልበት አለው፤ መብራት ከሌለ ግን ጉልበቱ ለማንም አይሆንም። ደንበኛው «ዛሬ አስረክባለሁ ብለኸኝ አልነበር?» እያለ ቆሞ፣ መብራቱ ከጠዋት ጀምሮ ሄዶ፣ አናጺው ሰጋቱራው መሃል እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥበትን ቀን ያላየ የእንጨት ሥራ ቤት የለም። ብላክ ኤንድ ዴከር የመጀመሪያውን በባትሪ የሚሠራ ድሪል ያወጣው በ1961 እ.ኤ.አ. ነው። ጉልበታሙ የሊቲየም ባትሪ ወደ እነዚህ መሣሪያዎች የገባው ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ ቴክኖሎጂው የሚያስመሰግን ደረጃ ላይ ደርሷል። ያደከመን አሠራሩ ሳይሆን አሻሻጡ ነው።

ከቮልቱ እንነሣ። የእነዚህ ባትሪዎች ፕላስቲክ ሲገለጥ ውስጡ ክብ ክብ ሴሎች ተደርድረው ይገኛሉ። በብዛት የምትገኘው ሴል 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 45 ግራም ገደማ ክብደት ያላት ናት። አንዷ ሴል በሥራ ላይ በአማካይ 3.6 ቮልት ትሰጣለች፤ ሞልታ ከቻርጀር ስትወርድ 4.2 ትደርሳለች። ይህ የኬሚስትሪ ጉዳይ ስለሆነ ነጋዴ አይጨምርበትም፣ ፋብሪካም አይቀንስበትም። አምስቱ ሲቀጣጠሉ 18 ቮልት ይሆናሉ፤ እንደ ሞሉ ሲለኩ 21። ስለዚህ አውሮፓና ጃፓን 18 ቮልት የሚባለው፣ አሜሪካ 20 ቮልት ማክስ የሚባለው፣ ከቻይና 21 ቮልት ተብሎ የሚመጣው ባትሪ ውስጡ ሲታይ ያው አምስት ሴል ነው። ዲዎልት ያንኑ አንድ ባትሪ አሜሪካ ውስጥ 20፣ አውሮፓ ውስጥ 18 ብሎ ይሸጠዋል። 20 የሚለውን አይቶ ከ18ቱ ይበልጣል ብሎ ተጨማሪ ብር የከፈለ ሰው የከፈለው ለቁጥሩ ብቻ ነው።

እስከዚህ ያለውን በትዕግሥት እንለፈው። 48፣ 88፣ 128 የሚሉት ቁጥሮች ግን በምን ሊታለፉ ይችላሉ? ተክለሃይማኖት አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ሻጩ ባንኮኒው ላይ ሳጥን ከፍቶ ድሪሉን አወጣልኝ። በትልቁ 128 ተጽፎበታል። «ጋሼ፣ ይሄ 128 ቮልት ነው፤ ኮንክሪት እንደ ቅቤ ነው የሚበሳው» አለኝ። ውስጡ ስንት ሴል አለው ብዬ ብጠይቀው «እሱን እንኳ ከፍተን አናውቅም ጋሼ፤ ብዙ ሰው ግን ወዶታል» አለ። ልጁን አልወቅስም። እሱም የተጻፈለትን ነው የሚያነበው። ነገር ግን ሒሳቡን እናስላው፦ 128 ቮልት ለማግኘት ከ35 በላይ ሴሎች መቀጣጠል አለባቸው። የሴሎቹ ክብደት ብቻ ከአንድ ኪሎ ተኩል ያልፋል። ባንኮኒው ላይ የነበረው ባትሪ በአንድ መዳፍ የሚያዝ ነበር። እንዲህ ያለውን ባትሪ አንድ የማውቀው አናጺ ሲከፍተው አይቻለሁ፤ የተገኙት አምስት ሴሎች ናቸው። 18 ቮልት ማለት ነው። ሳጥኑ ላይ ያለው 128 ምን እንደሚለካ የጻፈው ብቻ ነው የሚያውቀው።

አምፒር ሰዓቱም ያው ነው። ባትሪ ምን ያህል ሥራ እንደሚይዝ የሚነግረን ቮልቱ በአምፒር ሰዓቱ ሲባዛ የሚገኘው ዋት ሰዓት ነው። 18 ቮልት በ2 አምፒር ሰዓት 36 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ በ5 ሲባዛ 90። በዚያች ባለ 18 በ65 ሴል የተሠራ፣ አምስት ሴል ብቻ ያለው ቀጭን ባትሪ ከ3 አምፒር ሰዓት ብዙም አያልፍም። 5 ለመያዝ ሴሎቹ አሥር ሆነው በሁለት ረድፍ መደርደር አለባቸው፤ አለዚያም ወፈር ያለችው ባለ 21 በ70 ሴል መግባት አለባት። እንግዲህ ቀጭን፣ በእጅ ሲያነሱት ምንም የማይከብድ ባትሪ ላይ 6 ወይም 8 አምፒር ሰዓት ተጽፎ ሲታይ ውሸት መሆኑን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ዋት ሰዓቱ ሳጥኑ ላይ በትክክል ቢጻፍ ኖሮ ክርክሩ ሁሉ ባለቀ ነበር። በአብዛኛው ሳጥን ላይ የማይጻፈውም እሱ ነው። አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው ይባላል፤ እኛም ቁጥሩን እንደማንጠይቅ ስለታወቀብን ነው ቁጥር እየፈበረኩ የሚያመጡልን።

«ኦርጅናል» እና «ፈርስት ኮፒ» የሚለውም ሌላ ራስ ምታት ነው። ማኪታ በጃፓን በ1915 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ኩባንያ ነው፤ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበትን ቀለሙን መንገድ ላይ ከሩቅ የማይለይ አናጺ የለም። ዲዎልትም በቢጫና ጥቁሩ እንዲሁ ይታወቃል። ዛሬ ግን ቀለም ማስረጃ መሆኑ ቀርቷል። ስሙ ሳይቀር በትክክል ተጽፎ፣ ማኅተሙ ተመስሎ፣ ሳጥኑ ተመስሎ ይመጣል። አንዳንዱ ሱቅ በቅንነት «ኮፒ ነው» ይላል፣ አንዳንዱ በኦርጅናል ዋጋ ይሸጣል። ቻይና የተሠራ ሁሉ የማይረባ ነው የሚለው የብዙዎቻችን መለኪያም አይሠራም፤ የታወቁት ኩባንያዎች ራሳቸው ቻይና ውስጥ ያመርታሉ፣ ደህና ጥራት ያለውም ከዚያው ይወጣል። ችግሩ ደህናውን ከማይረባው የሚለይልን አለመኖሩ ነው። ዋስትና ሲጠየቅ «እዚሁ ሞክረው፣ ከበር ከወጣህ በኋላ አናውቅህም» ነው መልሱ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። አናጺው የብዙ ቀን ገቢውን ሰብስቦ የሚገዛውን ዕቃ በር ላይ ቆሞ ለአንድ ደቂቃ አስጩኾ እንዲፈትነው ማድረግ ግፍ ነው።

ይሁንና ኦርጅናሉን ገዝተን እንኳ ከዕዳው አናመልጥም። የማኪታ ባትሪ ቦሽ ላይ አይገባም፤ የቦሹ ዲዎልት ላይ አይገባም፤ የዲዎልቱ ሚልዋኪ ላይ አይገባም። ሴሎቹን የሚጠብቀው ሰርኪትና ባትሪው ከመሣሪያው ጋር የሚግባባበት መንገድ ከፋብሪካ ፋብሪካ እንደሚለያይ አውቃለሁ። ውስጥ ያለው ጉልበት ግን ያው የአምስት ሴል ጉልበት ነው። ዓይን የሚያየው ልዩነት የፕላስቲኩ ሐዲድና የመዳብ ምላሶቹ አቀማመጥ ነው። ውኃው አንድ ሆኖ ሳለ እያንዳንዱ ቧንቧ የራሴን ጀሪካን ካልገዛችሁ አልሞላም ቢል ማን ይታገሠዋል? እኛ ግን ይህን ታግሠን ኖረናል።

የበለጠ የሚያሳዝነው የባለቤትነቱ ነገር ነው። ዲዎልት፣ ክራፍትስማንና ብላክ ኤንድ ዴከር ሦስቱም የአንድ የአሜሪካ ኩባንያ፣ የስታንሊ ብላክ ኤንድ ዴከር ንብረቶች ናቸው። ሦስቱም 20 ቮልት የሚሉት ባትሪ አላቸው፤ አንዱ በሌላው ላይ አይገባም። ሚልዋኪንና ሪዮቢን የሚያመርተውም አንድ ኩባንያ ነው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ሆንግ ኮንግ የሆነው ቴክትሮኒክ ኢንዱስትሪስ፤ ባትሪዎቻቸው ግን አይለዋወጡም። ቦሽ አረንጓዴውን ለቤት ሠሪ፣ ሰማያዊውን ለባለሙያ ብሎ ይሸጣል፤ ሁለቱም 18 ቮልት ናቸው፣ ሁለቱም ቦሽ ናቸው፣ የአንዱ ባትሪ በሌላው ላይ አይገባም። ማኪታም ባለ 40 ቮልቱን አዲስ መስመር ሲያወጣ ለዓመታት የታመነውን የ18 ቮልት ባትሪ እንዳይቀበል አድርጎ ነው የሠራው። አንድ ጣሪያ ሥር የሚሠሩ መሐንዲሶች አንድ ዓይነት ሐዲድ መቅረጽ አቅቷቸው ነው የሚል ካለ አላምነውም።

እንደማያቅት ማስረጃው እዚያው አለ። ሪዮቢ በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የ18 ቮልት ባትሪ ቅርጽ እስከ ዛሬ አልለወጠም፤ ኬሚስትሪው ከኒኬል ወደ ሊቲየም ሲሻገር እንኳ የድሮው መሣሪያ አዲሱን ባትሪ መቀበሉን ቀጥሏል። ጀርመኖቹም በ2018 እ.ኤ.አ. በሜታቦ መሪነት የተለያዩ ኩባንያዎች አንድ ባትሪ የሚጋሩበት ኅብረት መሥርተዋል፤ ቦሽም በበኩሉ እንዲህ ያለ ኅብረት አለው። ፍላጎቱ ካለ ይቻላል ማለት ነው። ነገር ግን ኅብረቶቹ ራሳቸው ብዙ ሆኑና የአንዱ ኅብረት ባትሪ በሌላው ኅብረት መሣሪያ ላይ አይገባም። ዕዳው ጌታ ለወጠ እንጂ አልተሰረዘም።

ውጤቱን በየቤታችን እናየዋለን። ድሪሉ ከአንዱ፣ መጋዙ ከሌላው፣ ግራይንደሩ ከሦስተኛው ተገዝቶ፣ ሦስት ዓይነት ባትሪ፣ ሦስት ዓይነት ቻርጀር አንድ ማካፈያ ላይ ተሰክቶ መብራት እስኪመጣ ይጠብቃል። መብራቱ ለሁለት ሰዓት መጥቶ ሲመለስ ቻርጅ ያደረገው ለዛሬው ሥራ የማያስፈልገው መሣሪያ ይሆናል። ባትሪው አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ የሞላውን ነቅሎ የሚያስፈልገው ላይ መግጠም ነበር። አሁን አሁን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሸጋግሩ የፕላስቲክ ማገናኛዎች ይሸጣሉ፤ እነሱም ቢሆኑ አያስተማምኑም። አንዳንዱ ፋብሪካ ባትሪው ከሚገባው በታች እንዳይወርድ የሚከላከለውን ሰርኪት ባትሪው ውስጥ፣ አንዳንዱ ደግሞ መሣሪያው ውስጥ ነው የሚያኖረው። በማገናኛ ሲጋጠሙ ጠባቂው የትም ሳይኖር ይቀርና ባትሪው እስኪሞት ይመጠጣል።

ባትሪ እንዴት እንደሚሞት አንዴ ተከፍቶ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ለመጣል ልቡ አይፈቅድለትም። ሰፈራችን ያለ ጠጋኝ ዘንድ ተቀምጬ አይቻለሁ። ባትሪው ቻርጀሩ ቀይና አረንጓዴ እያፈራረቀ አልቀበልም ያለው ነው። አራቱ ማዕዘን ላይ ያሉት ብሎኖች ተራ ካቻቢቴ እንዳይፈታቸው ባለ ስድስት ጥርስ ተደርገው መሃላቸው ላይ ትንሽ እሾህ ቆሞባቸዋል። ጠጋኙ ለዚሁ ብሎ የያዘውን መፍቻ አምጥቶ አንድ በአንድ አወጣቸው። ቴስተሩን ሴል በሴል አስነካ፦ 3.8፣ 3.8፣ 3.8፣ 3.8፣ የመጨረሻዋ 1.1። አራቱ ደህና ናቸው። አንዷ ስለ ወረደች ሰርኪቱ አምስቱንም ቆልፏቸዋል። መቆለፉ ልክ ነው፤ እንዲያ የወረደች የሊቲየም ሴል በግድ ቻርጅ ብትደረግ እሳት ልታስነሣ ትችላለች። ልክ ያልሆነው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አንዷን ሴል ለውጦ ባትሪውን የሚመልስ ፋብሪካ የለም፤ ሴሏን ለብቻዋ የሚያመጣ አስመጪ የለም፤ ባትሪውን ለብቻው የሚሸጥ ሱቅ ማግኘትም በራሱ ዕድል ነው። አራት ጤነኛ ሴል ከነሰርኪቱ፣ አንዳንዴም ከነድሪሉ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል።

ጠጋኙ ምን ያድርግ? ምናለሽ ተራ ወርዶ ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ የወጣ ሴል ይገዛል። ቁመቷም ውፍረቷም ልክ ነው፤ ቴስተር ላይም ደህና ታሳያለች። ነገር ግን የላፕቶፕ ሴል ቀስ ብላ ለብዙ ሰዓት እንድትሰጥ የተሠራች ናት። ድሪል ፑንታው ጠንካራ እንጨት ውስጥ ሲነክስ በአንድ ጊዜ 30 አምፒርና ከዚያ በላይ ሊስብ ይችላል። ያቺ ሴል ያን አትችልም፤ ትግላለች፣ ትወርዳለች፣ በሳምንታት ውስጥ ባትሪው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሴል ከሴል የሚያያዘው በሥሥ የኒኬል ቅጠል፣ ለዓይን ጥቅሻ ታህል ጊዜ በሚነካ የኤሌክትሪክ ብየዳ ነው፤ ያ ማሽን ከሌለ በካውያ ይበየዳል፣ የካውያው ሙቀት ደግሞ አዲሷን ሴል ይጎዳታል። ጠጋኙ ሙያ አላነሰውም፤ ትክክለኛውን ዕቃ የሚያቀርብለት አጣ እንጂ። ደንበኛው ተመልሶ መጥቶ የሚጮኸው ግን በእሱ ላይ ነው።

ከውጭ ዘመድ ቢያመጣልን እንገላገላለን ብለን ተስፋ የምናደርግም አለን። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ወንድም ቅናሽ አገኘሁ ብሎ ድሪልና ክብ መጋዝ ከሁለት ባትሪ ጋር ይገዛል። ከዚያ ጉዞው ይመጣል። መሣሪያው በሻንጣ መሄድ አለበት፣ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ በሻንጣ አይጫንም፤ ከተሳፋሪው ጋር በእጅ ነው የሚያዘው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ይፈቀዳል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው በአየር መንገዱ ፈቃድ ከሁለት ሳይበልጥ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ተሳፋሪ ይዞ መሄድ አይችልም። የቮልቱ ጨዋታ እዚህም ተከትሎን ይመጣል። ባለ 5 አምፒር ሰዓት ባትሪ በ18 ሲባዛ 90 ዋት ሰዓት ነው፤ ያው ባትሪ በ20 ሲባዛ 100 ይሆናል፣ ድንበሩ ላይ ይቆማል። ባለ 9 አምፒር ሰዓቱ በ18 እንኳ 162 ነው፤ አይታለፍም። ይህን ሳያውቅ ገዝቶ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ባትሪውን ጥሎ የሚሳፈር ሰው አለ።

ተሳክቶለት ቢደርስም ቻርጀሩ አለ። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ቻርጀር በብዛት ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው፤ የእኛ መብራት 220 ነው። የሶኬት ማገናኛ ተገዝቶ እንደ መጣ ሲሰካ አንድ ጊዜ ጢስ ያለው ድምፅ ይሰማል፤ አለቀ። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ሁሉም እንዲያ ይመስለናል። ባለ 220ውን ቻርጀር ለብቻው ለማግኘት ሲዞር ደግሞ «ከነድሪሉ ነው የምንሸጠው» ይባላል። የወንድም ደግነት፣ የሻንጣ ኪሎ፣ የጉምሩክ ሰልፍ ሁሉ አንዲት ቻርጀር ላይ ወድቆ ይቀራል። ቻርጀሩ ላይ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈው ሳጥኑ ፊት ላይ በጉልህ ቢጻፍ ምን ይጎድልባቸዋል?

እንጨት ሥራው ራሱ ምን እንደሚፈልግስ ማን ይነግረናል? ሳጥኑ ላይ ኒውተን ሜትር ተብሎ የመጠምዘዣ ጉልበት ይጻፋል። ያ ቁጥር ሁለት ዓይነት ነው፦ ብረት ላይ ድንገት ሲቆም የሚለካው ትልቁ፣ እንጨት ውስጥ እየተጓዘ የሚለካው ትንሹ። ለእንጨት ሠሪ የሚጠቅመው ትንሹ ነው፤ ማስታወቂያው የሚመርጠው ትልቁን። ቺፕውድ ላይ ማጠፊያ ለሚገጥም ሰው ደግሞ ከጉልበቱ ይልቅ አንገቱ ላይ ያለው ባለ ቁጥር ቀለበት ይበልጥበታል፤ ብሎኑ ልኩ ላይ ሲደርስ ጠ ጠ ብሎ የሚለቀው። ርካሹ መሣሪያ ላይ ቀለበቱ ይዞራል፣ ቁጥሩ ይቀያየራል፣ ጉልበቱ ግን ያው ነው፤ ብሎኑ ቺፕውዱን ቦርቡሮ ይገባል፣ ቀዳዳው ከዚያ በኋላ ምንም አይዝም። ፑንታውን የሚነክሰው ጭንቅላት ጥቂት ከተወላገደ የቁም ሳጥኑ የማጠፊያ ቀዳዳ ይሰፋል፣ በሩ ይዘምማል። ጡብና ብሎኬት ላይ ፊሸር ለመትከል የሚመታ ድሪል ይበቃል፤ የኮንክሪት ዓምድ ላይ ግን ለዚያ የተሠራ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል፣ ምንም ያህል «እንደ ቅቤ» ቢባል።

ሁሉም መሣሪያ በባትሪ መሆን የለበትም የሚለውንም ከሻጭ አንሰማም። ድሪል ይሠራል፣ ያርፋል፤ ባትሪውም አብሮ ያርፋል። ማለስለሻ፣ ግራይንደርና ጠረጴዛ ላይ የሚቆም መጋዝ ግን ያለ ዕረፍት ነው የሚስቡት፤ ባትሪ ይጨርሳሉ፣ ያግሉታል፣ ሙቀት ደግሞ የሊቲየምን ዕድሜ ያሳጥራል። ክብ መጋዙ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶን በደንብ ይቆርጣል፤ ወፍራም የዋንዛ ሳንቃ ውስጥ ሲገባ ግን ያቃስታል። የእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ አንድ ቦታ ለሚሠራው ባለ ገመዱን፣ ደንበኛ ቤት ይዞ ለሚዞረው ባለ ባትሪውን መግዛት ነው የሚያዋጣው። ስድስት መሣሪያ በአንድ ቦርሳ ብለው የሚያቀርቡት ግን ግማሹን የማያስፈልገንን ያሸክመናል፤ ውስጡ ያለው ባትሪም ብዙ ጊዜ ትንሹ ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስልክ፣ ታብሌት፣ የጆሮ ማዳመጫና መሰሎቻቸው አንድ ዓይነት የቻርጀር ቀዳዳ እንዲኖራቸው በሕግ አስገድዷል። ለዓመታት ሲቃወሙ የነበሩ ኩባንያዎች ሕጉ ሲመጣ ቻሉት። የአናጺ መሣሪያ ግን ያ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ለምን? በስልክ ከሚያወራው ሰው ይልቅ በድሪል እንጀራውን የሚበላው ሰው ቢቀድም አያንስበትም ነበር።

እኛም ሀገር ሕግ አልጠፋም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። 128 ብሎ ጽፎ 18 መሸጥ ከዚህ መብት ጋር በምን ይታረቃል? አስመጪዎች ሆይ፣ የምንለምናችሁ ከባድ አይደለም። የሴሉን ብዛትና ዋት ሰዓቱን ሳጥኑ ላይ እውነቱን ጻፉ። መሣሪያ ባመጣችሁ ቁጥር ባትሪና ቻርጀር ለብቻው አብራችሁ አምጡ። ለጠጋኙ ትክክለኛውን ሴል አቅርቡለት፤ እሱም ይበላል፣ እናንተም ትነግዳላችሁ፣ ቆሻሻውም ይቀንሳል። ደረጃ የሚያወጡና የሚቆጣጠሩ መሥሪያ ቤቶችም ወደብ ላይ አንድ ባትሪ ከፍተው አምስት ሴል መቁጠር አይከብዳቸውም።

እስከዚያው ግን አቅማችን እጃችን ላይ ባለው ብር ነው። ሱቅ ስንገባ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ስለ ድሪሉ አይሁን። «ባትሪው ለብቻው አለ? ቻርጀሩ ለብቻው አለ? ዓመት ቆይቼ ብመጣስ አገኛለሁ?» ብለን እንጠይቅ፤ ጎረቤታችንም የሥራ ባልደረባችንም የትኛውን ባትሪ እንደያዘ አጣርተን፣ የሚዋዋሱትን ዓይነት እንምረጥ። አንድ ሰፈር ያሉ አናጺዎች በአንድ ዓይነት ባትሪ ቢስማሙ ፋብሪካዎቹ የነፈጓቸውን መተባበር በራሳቸው ያገኙታል። መልስ የሌለው ሱቅ ደግሞ ድሪሉን ይዞ ይቀመጥ።